‹‹ተረቴን መልሱ›› ከተባለ በኋላ

ተረት የሚያወሩልን አያቶቻችን አንድ ልማድ ነበራቸው። ዘንዶው ከሞተ፣ ልጅቱም ከወደደችው ጋር ከተጋባች በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ‹‹ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ›› ይላሉ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ከመካከላችን ‹‹ከዚያስ?›› ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢገኝ መልሱ ‹‹ከዚያማ ተኛ!›› ነው። እኛም እንተኛለን። ታዲያ ‹‹ከዚያስ?›› ሳይመለስልን እንዲሁ አደግን። ከተጋቡ በኋላ ምን ሆኑ? ማን አኮረፈ? ማንስ ቀድሞ ታረቀ? ዘንዶ የገደለ ሰው የቤት ኪራይ ሲጠየቅ ምን ይላል?

ጥያቄውን አሁን እንደገና የቀሰቀሰብን ትልቅ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም። አንባቢ ይታዘበን፣ ለሳቅ የተሠራ የፍቅር ፊልም ነው፤ ያውም ክፍል ሁለት። ከግቢ ውጭ ተከራይታ በምትኖር አንዲት ጓደኛችን ክፍል፣ ፈተና ባለቀ ማግሥት፣ አራት ሴቶችና ሦስት ወንዶች በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን በፍላሽ የመጣ ፊልም ስናይ አመሸን። ‹‹ብሪጅት ጆንስ፦ ዘ ኤጅ ኦቭ ሪዝን›› ይባላል፤ ‹‹የማመዛዘን ጠርዝ›› ብንለው ሳያስኬድ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ፣ ቢባን ኪድሮን ያዘጋጀችው ሲሆን፣ መሠረቱ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሄለን ፊልዲንግ በ1999 ያሳተመችው ልብ ወለድ ነው።

ለማያውቋት ባጭሩ ብሪጅት የሎንዶን ሴት ናት፤ ሠላሳውን አልፋለች፤ ማስታወሻዋን የምትጀምረው የዛሬ ኪሎዋን፣ ያጨሰችውን ሲጋራና የጠጣችውን መጠጥ ቆጥራ በመመዝገብ ነው። መጀመሪያ በ1995 በጋዜጣ ዓምድ፣ ቀጥሎ በ1996 በመጽሐፍ፣ ከዚያም በ2001 በፊልም መጣች። በመጀመሪያው ፊልም ዳንኤል ክሊቨር የተባለ አታላይ አለቃዋ ካቆሰላት በኋላ፣ ማርክ ዳርሲ ከተባለው ኮስታራ ግን ታማኝ ጠበቃ ጋር በረዶ በሚጥልበት መንገድ ላይ ተሳሳመች። አለቀ። ዳቦውን ስጡን።

የሁለተኛው ፊልም ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ደስተኞች ናቸው። ሁለት ደስተኛ ሰዎችን ይዞ ከመቶ ደቂቃ በላይ ተመልካች ማስቀመጥ እንዴት ይቻላል?

ይህ የፊልም ሠሪዎች ራስ ምታት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ብዕር ባላነሣን። ነገር ግን ፈላስፎችም ተጨንቀውበታል። ጀርመናዊው ሾፐንሃወር በ1818 መጨረሻ ባወጣው ዋና መጽሐፉ ላይ ጉዳዩን ያነሣና ጨከን ያለ ፍርድ ይሰጣል። እንደ እርሱ አባባል ታሪክም ድራማም ሊያሳዩን የሚችሉት ደስታን ለማግኘት የሚደረገውን ትግል እንጂ የሚቆይ ደስታን ራሱን አይደለም። ደራሲው ጀግናውን በስንት መከራ አሳልፎ ከግቡ ካደረሰው በኋላ መጋረጃውን ቶሎ ይጥላል፤ ምክንያቱም መጋረጃው ቢቆይ ኖሮ ያ የተመኘነው ግብ ባዶ እንደ ነበር እናይበታለን። ለሾፐንሃወር ደስታ ማለት ሕመም ለጊዜው መቅረቱ ብቻ ነው። የራሱ የሆነ ነገር የለውም፤ ስለዚህም አይወራለትም።

ዴንማርካዊው ኪርክጋርድ ደግሞ በ1843 ባሳተመው ‹‹ወይ ይህ ወይ ያ›› በተባለው መጽሐፉ፣ ያገባ አንድ ዳኛ እንዲናገር አድርጎ፣ ከዚሁ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ዳኛው በልብ ወለድ ጸሐፊዎች ላይ የሚያነሣው ክስ ያስቀናል፤ ስንት ዘመን ሙሉ መጀመር በሚገባቸው ቦታ ላይ ሲጨርሱ ኖረዋል ይላል። ድል ማድረግን ሥዕልም ግጥምም በአንድ አፍታ ሊይዘው ይችላል፤ ቀን በቀን መታገሥን ግን ማን ይሥለዋል? ትዕግሥት የሚኖረው በጊዜ ውስጥ ነውና፣ ጊዜውን ቆርጠህ ከጣልከው ትዕግሥቱም አብሮ ይወድቃል። እንግዲህ የዳኛው አስተያየት ‹‹ደስታ ባዶ ስለሆነ አይተረክም›› የሚል አይደለም፤ ደስታ ሙሉ ነው፣ ጎደሎው መተረኪያችን ነው የሚል ነው።

እኛ ወደ ዳኛው እናደላለን። የአገራችንን ታላቅ የፍቅር ልብ ወለድ አስቡ፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ስሙ ራሱ የት እንደሚያበቃ ይነግረናል። በዛብህ ይሞታል፣ ሰብለ ወንጌል ትመነኩሳለች፤ ክፍል ሁለት የሚጠይቅ የለም። አሳዛኝ ታሪክ ሰዎቹን ወስዶ ይዘጋዋል። አስቂኝ ታሪክ ግን ሰዎቹን በሕይወት ስለሚተዋቸው ‹‹ከዚያስ?›› የሚል ዕዳ ይኖርበታል። በዚህ በኩል ከታየ ክፍል ሁለት ብዙ ሰው እንደሚለው የገንዘብ ስስት ብቻ አይደለም (ስስቱም አለ እንጂ፤ ይህ ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል)። የሕፃኑን ጥያቄ ለመመለስ መሞከርም ነው።

ሙከራውስ እንዴት ነው? ሐቁን እንናገር፤ የመጀመሪያው ግማሽ ጥሩ ነው። ችግሩ ከውስጥ ይመጣል። ብሪጅት ከማርክ ጋር በምታድርበት ቤት ደስታዋን ማመን ያቅታታል። ርብቃ የምትባል ረጅምና ቆንጆ የሥራ ባልደረባው ከእርሱ አትለይም፤ ቅናት ይጀምራል። በጠበቆች እራት ግብዣ ላይ ሁሉም እንደ እርሱ ይናገራል፣ እንደ እርሷ የሚናገር የለም። በኦስትሪያ ተራራ ላይ በበረዶ ሊንሸራተቱ ሄደው ሳለ አርግዛ ይሆን ብለው ይመረምራሉ፤ የምርመራው ውጤት እስኪታይ ድረስ ባለችው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገና ያልተፀነሰው ልጅ የት እንደሚማር ይጣላሉ! እርሱ አባቶቹ የተማሩበትን የሀብታም አዳሪ ትምህርት ቤት ያስባል፤ እርሷ ሕፃን ከቤት አይወጣም ትላለች። ውጤቱ ደግሞ እርግዝና የለም ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። የሳቅነው ግን የምናውቀው ነገር ስለሆነ ነው፤ በሌለ ልጅ ላይ መጣላት ማለት ‹‹አንተ ማን ነህ? እኔስ ከማን ወገን ነኝ?›› ብሎ መጠየቅ ነው። (ከመካከላችን ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው፤ በዚያች ደቂቃ እርስ በርስ ላለመተያየት ሲጠነቀቁ ማየት ከፊልሙ ይበልጥ ነበር።)

ቀጥሎም ምክር አለ። ብሪጅት ሦስት ጓደኞች አሏት፤ ፍቅሯን በጉባኤ ይመሩላታል። ‹‹ጠይቂው፤ እንዲህ ካለሽ ይኸ አለበት፣ እንዲያ ካለሽም ይኸ አለበት›› ይሏታል። ትጠይቀዋለች። እርሱ እንደ ኩሩ ሰው ለእንዲህ ያለ ጥርጣሬ መልስ አልሰጥም ይላል። ተለያዩ። እዚህ ላይ ፊልዲንግ ያለ ምክንያት አልጻፈችም፤ የመጀመሪያው መጽሐፏ የጄን ኦስተንን ‹‹ኩራትና መድሎ›› እንደ ተከተለ ሁሉ፣ ሁለተኛው ከዚያችው ደራሲ የመጨረሻ ልብ ወለድ፣ በ1817 መጨረሻ ከታተመው ‹‹ፐርሱዌዥን›› ክር ይመዝዛል፤ የሰውን ልብ መልሶ ማግባባት ማለት ነው። የዚያ መጽሐፍ ባለታሪክ አን ኤሊየት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እንደ እናት የምታያት ሴት መክራት እጮኛዋን ትታለች፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ትቆጫለች። በመጨረሻ ግን የምትለው ነገር ከባድ ነው፦ ምክሩ ስሕተት ነበር፣ እኔ ግን መስማቴ ስሕተት አልነበረም። ይህን አባባል ለሁለት ሰዓት ተከራከርንበት። ሽማግሌ በሚዳኝበት፣ እናት ሳትጠየቅ በምትመክርበት አገር ያደግን ስለሆንን ነገሩ ለእኛ የመጽሐፍ ጨዋታ አይደለም። ከእኛ አንዷ ‹‹ምክር የሰጠኝ ሰው ሲሳሳት አብሬው ልሳሳት? ያውም ኮርቼ?›› ብላ ተቆጣች። ሌላው ‹‹ብቻሽን ስትሳሳቺ ማን ያነሣሻል?›› አላት። እስካሁን አልታረቁም፤ እኛም ይህን ጽሑፍ የሚመለከት ስላልሆነ እንለፈው።

(አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። በመጽሐፉ ውስጥ ብሪጅት ጋዜጠኛ ሆና ሮም ድረስ ሄዳ ኮሊን ፈርዝን ትጠይቀዋለች፤ በ1995 ቢቢሲ ባሠራው ‹‹ኩራትና መድሎ›› ላይ ዳርሲን ሆኖ የተጫወተውን እውነተኛውን ተዋናይ ማለት ነው። በፊልሙ ማርክን የሚጫወተው ራሱ ኮሊን ፈርዝ ሆነና ይህ ክፍል ቀረ። ሰውየው ራሱን እንዴት ይገናኝ?)

ከዚህ በኋላ ግን ፊልሙ ትዕግሥቱን ያጣል። ከውስጥ የመጣው ችግር በቃኝ ይልና ችግር ፍለጋ ባሕር ይሻገራል። ብሪጅት ለቴሌቪዥን ሥራ ከዚያ ከአታላዩ ዳንኤል ጋር ታይላንድ ትሄዳለች። ስትመለስ፣ አንድ ወጣት በጓደኛዋ በኩል ይዘሽ ሂጂልኝ ያለው ዕቃ ውስጥ ኮኬይን ይገኝና ባንኮክ ላይ ትታሰራለች። እስር ቤቱ በሴቶች የተጨናነቀ ነው። እርሷም ከእነርሱ ጋር ትግባባለች፤ የማዶናን ዘፈን በትክክል እንዲዘፍኑ ታስተምራለች። ሴቶቹ ወንዶቻቸው እንዴት እንደ ደበደቧቸው፣ እንዴት እንደ ነገዱባቸው ሲነግሯት የራሷ ቅሬታ ከንቱ ሆኖ ይታያትና ታፍራለች። የማርክ ደግነት የሚገባት ያን ጊዜ ነው። ማርክ ደርሶ ያስፈታታል። ሎንዶን ስትመለስ ርብቃ የምትወደው ማርክን ሳይሆን ብሪጅትን ራሷን እንደ ነበር ይገለጣል፤ ማርክና ዳንኤል ፏፏቴ ገንዳ ውስጥ ይደባደባሉ፤ ጋብቻ ይጠየቃል። ዳቦ።

እስር ቤቱ ሲመጣ እኛ ስንስቅ ነበር። የክፍሏ ባለቤት ግን ዝም አለች። ላፕቶፑን ልናቆመው ስንል ‹‹ቀጥሉ፣ እኔን አትዩኝ›› አለችን። ታላቅ እኅቷን የምናውቀው በስም ብቻ ነበር። ከዓመታት በፊት ወደ አንድ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዛባት፣ ከቤቱ ስትወጣ ተይዛ አምስት ወር ታስራ ነው የተመለሰችው። አገሩንም ስሟንም አንጠራም።

ፊልሙ ሲያልቅ ክርክሩ ተነሣ። አንደኛው ወገን እንዲህ አለ፦ ‹‹ፊልም ነው እኮ! ለሳቅ የተሠራ ነገር ላይ ዳኛ አትሁኑብን። ሰው ደክሞት የተቀመጠበትን ወንበር ለምን ትጎትቱበታላችሁ? ቀልድ ከባድ ነገር አይንካ ከተባለ የሚቀረው ምንድን ነው?›› ይህ ደካማ ክርክር አይደለም። በዓለም ላይ ካሉት ምርጥ ቀልዶች ብዙዎቹ የተወለዱት በረሃብ፣ በጦርነትና በእስር ቤት ነው። ቀልድ ወደ እስር ቤት አይግባ የሚል ሰው እስረኛውንም ሳቅ እየከለከለው መሆኑን አላወቀም።

ሌላው ወገን፣ አብዛኞቻችን ማለት ነው፣ ነገሩን በሒሳብ አየነው። የእነዚህ የሁለት ሰዎች ደስታ ታሪክ ሊሆን የሚችለው ከተሰበረ ብቻ ነው ተባለ፤ እሺ። መስበሪያው ከየት መጣ? ከቅናታቸው፣ ከኩራታቸው፣ ከመደብ ልዩነታቸው ሲመጣ የራሳቸውን ዋጋ የራሳቸው ኪስ ከፈለው። ከባንኮክ ሲመጣ ግን ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው። እነዚያ የተደበደቡ ሴቶች በፊልሙ ውስጥ የተሰጣቸው ሥራ አንዲት እንግሊዛዊት ወንዷ ጥሩ እንደሆነ እንዲገባት ማድረግ ብቻ ነው። የሰው መከራ ለሌላው ሰው ፍቅር ሚዛን ሆኖ ተቀመጠ። የጀርመኑ ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት ያለውን ሁላችንም በአንደኛ ዓመት አጥንተን ፈተና ላይ ጽፈነዋል፤ በቀልድ ፊልም ውስጥ እናገኘዋለን ብለን ግን አላሰብንም ነበር።

ደግሞም አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ አይደለም። ፊልዲንግ በ2013 ሦስተኛውን ልብ ወለድ ስታወጣ ማርክ ዳርሲ ሞቶ ተገኘ፤ ብሪጅት የሁለት ልጆች እናት የሆነች መበለት ናት። አንባቢዎች እንደ ዘመድ ሞት አዘኑ፤ በ2025 የወጣው አራተኛው ፊልምም የተሠራው ከዚህ መጽሐፍ ነው። ማርክ የት ሞተ? ሱዳን። በመጽሐፉ ዳርፉር ላይ ፈንጂ ነው የገደለው። ጎረቤታችን ናት፤ ከዚያ የሸሹ ሰዎች ድንበራችንን ሲሻገሩ አይተናል። የሎንዶን ደስታ ሊሰበር ሲፈለግ መዶሻው አንድ ጊዜ ከባንኮክ፣ አንድ ጊዜ ከዳርፉር ይመጣል። ደራሲዋን ክፉ ናት አንልም፤ ስለ ሐዘን የጻፈችው እውነት አለው። ግን ለምን ከሎንዶን መንገድ ላይ አልተገኘም? መኪና የለም? የልብ ሕመም የለም?

ይህን ሁሉ በጋለ ስሜት ስንናገር ጓደኛችን በመጨረሻ ተናገረች። ለእኛ ትደግፋለች ብለን ጠብቀን ነበር። ‹‹ዘፈኑ ትክክል ነው›› አለች። ‹‹እትዬም ነግራኛለች። አንዲት ኬንያዊት ማታ ማታ ዘፈን ታስተምራቸው ነበር። ጠባቂዎቹን እያስመሰሉ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ይስቁ ነበር። ያ አልከፋኝም።››

‹‹ታዲያ ምኑ ነው የከፋሽ?››

‹‹በሩ›› አለች። ‹‹በሩ ሲከፈትላት ካሜራው አብሯት ወጣ።››

ዝም አልን። እውነቷን ነው። ብሪጅት ስትወጣ እኛም አብረናት ወጣን፤ የቀሩት ሴቶች አንድም ጊዜ ተመልሰው አልተጠየቁም። ዘፈኑን የተማሩት፣ ታሪካቸውን የነገሩት፣ ስማቸውን እንኳ ፈልገን የማናስታውሳቸው። ይህ ፊልም የተሠራው ‹‹ከዚያስ?›› ለሚለው ጥያቄ ነው፤ ያ ጥያቄ ባይኖር ክፍል ሁለት ባልኖረ። ጥያቄው ግን ለሁለት ሰዎች ብቻ ተጠየቀ። ዳኛ ስንሆን ቆይተን የነበርን ሰዎች ወደ ራሳችን ዞርን፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚች ክፍል ቡና ስንጠጣ እኅቷ ታስራ እንደ ተመለሰች እያወቅን፣ ከተመለሰች በኋላ ምን እንደ ሆነች ከእኛ አንድም የጠየቀ የለም። ያሳዝነን የነበረው እስሩ ነው። ከእስሩ በኋላ ያለው ለእኛም ታሪክ አልነበረም።

ከእኛ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹‹እትዬሽስ… ከዚያስ?›› አላት።

‹‹አገባች እኮ!›› አለች ሳቅ ብላ፤ ሳናውቅ መቅረታችን ገረማት። ‹‹ስምንት ወር ሆናት። ባሏ ብየዳ ነው የሚሠራው፤ ጥሩ ሰው ነው። ብቻ በመብራት ነገር ይጣላሉ።››

‹‹እንዴት በመብራት?››

‹‹እሷ ከዚያ ወዲህ ጨለማ ውስጥ መተኛት አትችልም፤ መብራቱ ሲበራ ማደር አለበት። እሱ ደግሞ ቀን ሙሉ ብልጭታ ሲያይ ስለሚውል ማታ ብርሃን ዓይኑን ይወጋዋል። መጀመሪያ ያጠፋባት ነበር፤ ታለቅሳለች። ቀጥሎ መኝታ ለይተው ሞከሩት፤ እሱም አላማራቸውም። ስለ ቆጣሪው ሒሳብም ተጨቃጨቁ። አሁን ነጠላዋን ፊቱ ላይ ጥሎ ይተኛል።››

‹‹በየቀኑ?››

‹‹በየቀኑ ነዋ›› አለች፤ ጀበናውንም ልታጥብ ተነሣች።